ውሻ ከማሰልጠናችሁ በፊት ቤተሰቡ ይስማማ

የቡቺ ወዳጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። "ውሻዬ አልሰማ አለኝ"፣ "ይሄ ውሻ ጭንቅላት የለውም፣ ለሰው ልስጠው ወይ" የሚሉ ጥያቄዎች እየበዙ ስለሆነ አንዴ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፍ ብዬ ነው። ሥራዬ ውሻ ማሰልጠን ነው፣ የምሠራውም አዲስ አበባ ውስጥ በየሰው ግቢ እየሄድኩ ነው። በአብዛኞቹ ቤቶች ውሻው ጤነኛ ነው፣ ብልህ ነው፣ መማርም ይፈልጋል። ግን እናት አንድ ነገር ትላለች፣ አባት ሌላ፣ ዘበኛው ሌላ፣ ልጆቹ ደግሞ የፈለጉትን። ውሻ የሚማረው ከሚደጋገም ነገር ነው። የሚደጋገም ነገር ከሌለ ምን ይማር?

ክረምትን ውሰዱ። ሰኔ ላይ ዝናቡ ይጀምራል፣ ውሻው በረንዳ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ልጆቹ ያዝኑለትና ሳሎን ያስገቡታል። ምንጣፉ ላይ ተጠቅልሎ ይተኛል፣ ማንም ምንም አይለውም፣ ሐምሌና ነሐሴ እንዲህ ያልፋሉ። ከዚያ ቤቱ ለእንቁጣጣሽ ይጸዳል፣ ምንጣፉ ይታጠባል፣ ውሻው እንደለመደው ሲገባ በመጥረጊያ ይባረራል። ትናንት የተፈቀደው ነገር ዛሬ አስመታው። በሩ አንዳንዴ ያስገባል፣ አንዳንዴ ያስመታል፣ እሱ የተረዳው ይሄን ብቻ ነው። ስለዚህ ነገም ይሞክራል። ከዚያ "ልክስክስ ነው" ይባላል።

ገበታውም ያው ነው። አባት "ከማዕድ ላይ ማንም ለውሻ እንዳይሰጥ" ይላሉ፣ ሁሉም እሺ ይላል። አያት ግን እግራቸው ሥር መጥቶ ዓይን ዓይናቸውን ሲያይ አንጀታቸው አይችልም፣ ቁራሽ እንጀራ ጣል ያደርጉለታል። ሁልጊዜ አይደለም፣ አልፎ አልፎ። "አልፎ አልፎ ከሆነ ምን ችግር አለው?" የምትሉ አላችሁ። ትልቁ ችግር እሱ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቢ. ኤፍ. ስኪነር በአይጦችና በርግቦች ላይ ሲሠራ ያሳየው ነገር አለ፤ ሁልጊዜ ምግብ ያገኝ የነበረ እንስሳ ምግቡ ሲቆም ቶሎ ተስፋ ይቆርጣል፣ አንዳንዴ ብቻ ያገኝ የነበረው ግን ምግቡ ከቆመም በኋላ ለረጅም ጊዜ መሞከሩን ይቀጥላል። ባዶ መቅረትን ለምዶታላ። አሥር ጊዜ ተከልክሎ በአሥራ አንደኛው ጉርሻ ያገኘ ውሻ መታገሥ እንደሚያዋጣ ነው የተማረው፣ እኛ ደግሞ ያንን ያስተማርነው በደግነት ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሸነፈው። የለመደውን ነገር ከዛሬ ጀምሮ ስታስቀሩበት መጀመሪያ ይብስበታል። ጩኸቱ ይጨምራል፣ በር ይቧጥጣል፣ ይዘላል። ይሄ ያለ ነው፣ የተበላሸ ነገር የለም፣ ያልፋል። ግን በጣም በጮኸበት ሰዓት ተሰላችታችሁ ከሰጣችሁት ቀጥሎ የሚጀምረው ከዚያ ጩኸት ነው።

ትእዛዙም አንድ ይሁን። አንዱ "ቁጭ በል" ይላል፣ ሌላው "ተቀመጥ"፣ ልጁ "ሲት" ይላል። ውሻዋ ሴት ከሆነች ደግሞ ግማሹ "ነይ" ግማሹ "ና" ይላታል። የትኛውም ቃል ይሆናል፣ ብቻ አንዱን ምረጡና ሁላችሁም እሱን በሉ። አንዴ በሉት፣ ጠብቁ፣ ሲያደርገው ወዲያው ሸልሙት። "ቁጭ በል ቁጭ በል ቁጭ በል" እያላችሁ ከሆነ ውሻው ሦስተኛው ላይ መቀመጥ እንዳለበት ነው የሚማረው።

ስለዚህ ምክሬ ይሄ ነው። ውሻውን ከመንካታችሁ በፊት ቡና ሲፈላ ተቀመጡ፣ ሠራተኛዋም ዘበኛውም ይኑሩ፣ እነሱ ከሁላችሁም በላይ ከውሻው ጋር ይውላሉና። ቤት ይገባል ወይስ አይገባም? ማን ያበላዋል፣ በስንት ሰዓት? በር ሲከፈት የት ይሆናል? ሰው ላይ ሲዘል ሁላችንም ምን እናደርጋለን? ብዙ ሕግ አታውጡ፣ የማትጠብቁትን ሕግ ባታወጡት ይሻላል። ጥያቄ ያለው ይጻፍ፣ የምችለውን እመልሳለሁ።

ጀሞ ሁለት፦

በጣም አመሰግናለሁ ወንድሜ። የኛ ግቢ ጉዳይ ግን ከቤተሰብም ይሰፋል። ከኋላ ሰርቪስ ቤቶቹ ውስጥ ተከራዮች አሉ። እኔና ባለቤቴ ብንስማማ አንደኛው ተከራይ ማታ ሲገባ በኪሱ አጥንት ይዞለት ይመጣል፣ ውሻው ይዘልበታል፣ እሱ ደግሞ ደስ ይለዋል፣ ያቅፈዋል። ሌላዋ ተከራይ ውሻ ትፈራለች፣ እሷም ላይ ሲዘል ትጮሃለች፣ ታለቅሳለች። በሷ ላይ ስለዘለለ ስንቆጣው እሱ ምን እንደሚያስብ እንጃ። ተከራይን ደግሞ "ውሻዬን አትንካ" ማለት ይከብዳል፣ ሰውየው በፍቅር ነው የሚያደርገው።

የቡቺ ወዳጅ፦

ጀሞ ሁለት፣ ለውሻው ሁለቱም ሰው ናቸው። አንዱ ላይ ሲዘል ይታቀፋል፣ አጥንት ያገኛል፣ ሌላዋ ላይ ሲዘል ትጮሃለች፣ እጇን ታወናጭፋለች፣ ለብዙ ውሻ ያ ራሱ ጨዋታ ነው። ስለዚህ መዝለል በየትኛውም በኩል አያከስረውም።

ሰውየውን አትከልክለው። ሥራ ስጠው። "አጥንቱን አምጣለት፣ ግን አራቱም እግሩ መሬት ላይ እስኪሆን እንዳትሰጠው" በለው። እንዲህ ያለ ሰው ውሻ ስለሚወድ ብዙ ጊዜ ደስ ብሎት ያደርገዋል፣ ከማንም በላይ አሰልጣኝ ይሆንልሃል። ሲዘልበት ዝም ብሎ ፊቱን ያዙር፣ አይንካው፣ አያናግረው። ሲወርድ ያኔ ያሞግሰው፣ አጥንቱንም ይስጠው። ብቻ የበሰለ የዶሮ አጥንት አይሁን፣ ተሰንጥቆ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል።

እህታችን ደግሞ ምንም ማድረግ አይጠበቅባትም። የምትገባበትን ሰዓት ካወቃችሁ እስኪለምድ ድረስ በዚያ ሰዓት እሰሩት። ማሰሩ ቅጣት አይደለም፣ መጥፎውን ልማድ ደጋግሞ እንዳይለማመድ ዕድሉን መንፈግ ነው። ያልተለማመደው ነገር አይጠነክርም።

ያባቴ ግቢ፦

ልጆች፣ ይህን ሁሉ አንብቤ አንድ ነገር ልበል። እኛ ስናድግ በየቤታችን ውሻ ነበር፣ ማንም ስብሰባ አልጠራም። ጥፋት ሲያጠፋ ዱላ ቀመሰ፣ ዳግመኛ አላጠፋም። አሁን ውሻውን ቁጭ ብሎ የሚለማመጥ ሰው በዛ። ወጥነት ከተባለ ዱላም እኮ ወጥ ሊሆን ይችላል። ባጠፋ ቁጥር መምታት ነው።

የቡቺ ወዳጅ፦

ጋሼ፣ ስለጻፉልን አመሰግናለሁ። ጥያቄዎ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ በቀላሉ አላልፈውም።

በመርህ ደረጃ ቅጣትም ወጥ ሊሆን ይችላል፣ እውነትዎን ነው። በተግባር ግን ቤተሰብ ውስጥ ወጥ የሆነ ዱላ አላየሁም። ጠዋት ጫማ ያኘካል፣ የሚመታው ማታ ሰው ከሥራ ሲገባ ነው። ውሻ ግን የሚያያይዘው ያን ቅጽበት ካደረገው ነገር ጋር ነው፣ ጥቂት ሰከንድ ካለፈ አለቀ። ማታ የሚመታ ውሻ ጌታው ሲገባ እንደሚመታ ይማራል፣ ጫማው አይታሰበውም። "ጥፋቱን አውቆ ዓይኑን ይሰብራል" የምንለውንም ተመራማሪዋ አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ እ.ኤ.አ. በ2009 ፈትናዋለች። ውሾቹ ዓይናቸውን የሰበሩት ባለቤታቸው ሲቆጣቸው ነው፣ ያጠፋውም ያላጠፋውም ያንኑ ፊት ያሳይ ነበር። ከቁጣው የሚመጣ ፊት ነው ማለት ነው።

ሌላው የሚያስፈራኝ ነገር ልጆች ናቸው። ውሻ ሲፈራ መጀመሪያ ያጉረመርማል። ማጉረምረሙ ማስጠንቀቂያ ነው፣ "ራቁኝ" ማለቱ ነው። ባጉረመረመ ቁጥር የተመታ ውሻ ማጉረምረሙን ይተዋል፣ ፍርሃቱ ግን አይለቀውም። ከዚያ አንድ ቀን ልጅ ሲጠጋው ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል፣ ሰፈሩም "ድንገት አበደ" ይላል። እኔ የምለምነው ለውሻው ብቻ ብዬ አይደለም ጋሼ፣ ለልጆቹም ነው።

የእንስሳት ሐኪም፦

ከላይ በተባለው ላይ እኔም ከሕክምናው በኩል ልጨምር። ወደኛ የሚመጡ ውሾች ብዙዎቹ እጅ ሲጠጋቸው ይሸማቀቃሉ ወይም ጥርስ ያሳያሉ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለመስጠት ሦስት ሰው አጥብቆ ይይዛል፣ ውሻውም በቀጣዩ ዓመት በሩን ገና ሲያይ ይብስበታል። ባለቤቱም ይሰለቻል፣ ክትባቱ ይቀራል። ስለዚህ ቡችላ ካላችሁ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ጆሮውን፣ አፉን፣ እግሩን ንኩት፣ ዝም ሲል አንድ ቁራሽ ስጡት። በየቀኑ ስላችሁ ከልቤ ነው። በወር አንዴ ታግሎ መያዝ ምንም አያስተምረውም።

የመጀመሪያው ክትባት ሦስት ወር ገደማ ሲሞላው ነው የሚሰጠው፣ ከዚያ ሐኪሙ በሚነግራችሁ ጊዜ ይደገማል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው፣ በሽታው አለበት ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት ውስጥ ደግሞ 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ጤና ተቋም መሄድ። "ውሻው ጤነኛ ይመስላል" ብላችሁ ቤት አትቀመጡ፣ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል።

ጉርሻውንም በተመለከተ፣ ወጣችን ውስጥ ሽንኩርት አለ፣ ነጭ ሽንኩርትም አለ። ሁለቱም የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳሉ። አያት ሲያዝኑለት ይህንን ንገሯቸው፣ ከሥነ ሥርዓቱ ወሬ ይልቅ ይሄ ቶሎ ይገባቸዋል። በዓል ላይ ደግሞ በግ ሲታረድ ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካያችሁ ለውሻ እንዳትወረውሩ። ውሻው ሆድ ውስጥ የሚያድግ የኮሶ ዓይነት ትል ነው የሚወጣው፣ ከውሻው እንቁላሉ ወደ ሰው ይተላለፋል፣ ሰው ጉበት ውስጥ ያንኑ ከረጢት ይሠራል። ቅበሩት ወይም አቃጥሉት።

የልጆች እናት፦

ዶክተር እግዚአብሔር ይስጥልን፣ የሽንኩርቱን ነገር ዛሬ ነው የሰማሁት።

የኔ ጥያቄ ሽንት ነው። ቡችላ አምጥተናል፣ ልጆቹ ጠዋት ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ እኔ ቤት ነኝ። አንዳንድ ቀን ውጭ ይሸናል፣ አንዳንድ ቀን ኮሪደሩ ላይ። አፍንጫውን ሽንቱ ላይ እያሹ መቆጣት ነው የሚሉኝ ጎረቤቶቼ፣ እኔ ግን አላስችለኝም።

የቡቺ ወዳጅ፦

እንኳንም አላስቻለሽ እህቴ። አፍንጫውን ማሸት የሚያስተምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ሰው ፊት መሽናት አደገኛ መሆኑን። ከዚያ በኋላ ወደ ውጭ ስታወጪውም ፊትሽ አይሸናም፣ ገብቶ ሶፋ ሥር ይሸናል።

ለቡችላ ትልቁ ነገር ሰዓት ነው። ምግቡ በተመሳሳይ ሰዓት ይሁን፣ ሳህኑ ቀኑን ሙሉ አይቀመጥ። ሲነቃ፣ ከበላ በኋላ፣ ከተጫወተ በኋላ ወዲያው አውጪው፣ በዚያው በር፣ ወደዚያው ጥግ። በግምት የሁለት ወር ቡችላ ሁለት ሰዓት ያህል፣ የሦስት ወሩ ሦስት ሰዓት ያህል ነው መያዝ የሚችለው፣ ሲጫወት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ሲጨርስ እዚያው ቆመሽ አሞግሺው፣ ቁራሽም ስጪው። ቤት ገብታችሁ ከሰጠሽው ለመግባቱ የሰጠሽው ይመስለዋል።

ኮሪደሩ ላይ ከሸና ዝም ብለሽ አጽጂው። በረኪና ግን አትጠቀሚ። ሽንት ላይ በረኪና ሲፈስ የሚወጣው ሽታ ለናንተም ለሱም ሳንባ ጎጂ ነው። መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ አድርቂው፣ ከዚያ በውሃና በሳሙና ደጋግመሽ እጠቢው፣ ሽታው ከቀረ እዚያው ይመለሳል። አሁን "አንዳንድ ቀን" ያልሽው ቀኖቹን ልብ ብለሽ ብታያቸው ልጆቹ ቤት የሚውሉባቸው ቀኖች ሊሆኑ ይችላሉ። ቅዳሜና እሑድ የቤቱ ሰዓት ይለወጣል፣ ሁሉም አርፍዶ ይነሳል፣ የቡችላው ፊኛ ግን ቅዳሜ መሆኑን አያውቅም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው። እዚህ ግቢ የለም፣ አፓርትመንት ነው፣ ውሻው በቀን ሦስቴ በገመድ መውጣት አለበት። እኔ የምሽት ፈረቃ ነው የምሠራው፣ ባለቤቴ ቀን ታክሲ ይነዳል፣ አንዳንዴ ከፍለን የሚያንሸራሽረው ልጅ አለ። እኔ ሳወጣው ገመድ እንዳይጎትት ቀስ ብዬ እሄዳለሁ፣ ሲጎትት እቆማለሁ። ባለቤቴ ግን ሁልጊዜ ጊዜ የለውም፣ ውሻው እየጎተተው ይሮጣሉ። በዚህ እንጣላለን። እሱም እውነት አለው፣ ሥራ ሊረፍድበት ነው፣ በየአምስት እርምጃው ሊቆም አይችልም። ምን ማድረግ ይቻላል?

የቡቺ ወዳጅ፦

ይሄን ስላነሳሽ ደስ ብሎኛል፣ ወጥነት ማለት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆን ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ውሻ ሁለት ሕግ መማር ይችላል። ግን የቱ ሕግ የትኛው ሰዓት እንደሚሠራ በግልጽ መለየት መቻል አለበት።

ሁለት ዓይነት ማሰሪያ ያዙ። አንዱ ደረት ላይ የሚታጠቀው፣ አንዱ አንገት ላይ የሚታሰረው። ደረት ላይ ያለው ሲታጠቅ መጎተት ይቻላል፣ የቸኮለ ሰው እሱን ያድርግለት፣ ይሩጡ። አንገት ላይ ያለው ሲታሰር ግን መጎተት ፈጽሞ ወደፊት አያስኬድም፣ ገመዱ ሲወጠር ሰውየው ይቆማል፣ ሲላላ ይሄዳል። ይሄኛውን ጊዜ ያለሽ አንቺ ብቻ አድርጊው፣ የሚያንሸራሽረው ልጅም እንደናንተ የትኛውን መያዝ እንዳለበት ይወቅ። ባልሽን ወደማይችለው ነገር አታስገድጂው፣ ቢሞክር አንድ ቀን ይቆማል አንድ ቀን ይጎተታል፣ ያ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። አንቺ ደጋግመሽ ስትሠሪበት የአንገቱ ማሰሪያ ራሱ ለውሻው ምልክት ይሆናል።

የክረምቱንም ነገር በዚሁ መፍታት ይቻላል። ለውሻው አንድ የራሱ ምንጣፍ ወይም ጆንያ ይኑረው። ምንጣፉ ሳሎን ከተነጠፈ መግባት ይችላል፣ እሱ ላይ ብቻ ይተኛል። ምንጣፉ በረንዳ ላይ ከሆነ እዚያ ነው ቦታው። ዝናብም ቢሆን፣ በዓልም ቢሆን። ይሄን ለጥቂት ሳምንት ሳያዛንፉ የሠሩ ቤቶች ላይ ውሻው ምንጣፉን እያየ ራሱ ሲሄድ አይቻለሁ።

ባህር ዳር፦

እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ምናልባት ለሌላውም ይጠቅማል። ስናሰለጥን የምንሰጠው ከሥጋ ቤት የሚመጣ ቅንጥብጣቢ ነው። ጾም ሲገባ ግን ቤታችን ሥጋ አይገባም፣ ዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን ነው። ጾሙ ሲገባ ሥልጠናው ይቆማል፣ ፋሲካ ላይ እንደ አዲስ እንጀምራለን። የተማረውንም ይረሳዋል።

የቡቺ ወዳጅ፦

ሽልማቱ ሥጋ መሆኑ ግዴታ አይደለም፣ የሚወደው ነገር መሆኑ ነው። የተቆራረሰ ደረቅ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንች ወይም ካሮት፣ ለብዙ ውሻ በቂ ነው፣ የራሱን የቀን ምግብ ቀንሳችሁ በቁራሽ መስጠትም ይቻላል፣ እንዲያውም ትንሽ ሲርበው የተሻለ ይሠራል። ቁራሹ የጥፍር ያህል ይበቃል። እንደ ልማድ መቀጠል ያለበት ሥልጠናው ነው፣ በቀን አምስት አሥር ደቂቃ፣ በዓልም ጾምም። ኳስ የሚወድ ውሻ ካለህ ኳስም ሽልማት ነው።

ሌላ ነገር፣ ከምግቡ በፊት ሁልጊዜ አንድ ቃል በሉ፣ "ጎበዝ" በቂ ነው። በትክክል ባደረገበት ቅጽበት "ጎበዝ"፣ ከዚያ ቁራሹ። ምግቡ ቢለዋወጥ ቃሉ አይለዋወጥም። ከጊዜ በኋላ ትእዛዙን በደንብ ሲያውቀው በየጊዜው ምግብ መስጠት አያስፈልግም፣ አንዳንዴ ብቻ ስጡት። ቅድም ስለ ጉርሻ የነገርኳችሁ ነገር እዚህ ይጠቅማችኋል፣ ለመልካም ልማድም አልፎ አልፎ የሚመጣ ሽልማት ያጸናዋል። ግን መጀመሪያ እያስተማራችሁ ሳለ በየጊዜው፣ ሳታጎድሉ።

ያባቴ ግቢ፦

ልጄ፣ የመለስክልኝን አነበብኩት። ስለ ልጆቹ ያልከው ልክ ነው፣ የልጅ ልጆች አሉኝ። አንድ ነገር ግን ግልጽ አልሆነልኝም። እኔ ውሻ የያዝኩት ለጥበቃ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፣ እንዲጮህ ነው የምፈልገው። ግን የኔ ውሻ ለሁሉም ይጮኻል። ቁራሌው ሲያልፍ፣ የጎረቤት ልጅ ሲያልፍ፣ ንስሐ አባቴ ሲመጡ። ሌሊት ሌባ ቢመጣ በምን እለየዋለሁ?

የቡቺ ወዳጅ፦

ጋሼ፣ የብዙ ግቢ ጥያቄ ነው ይሄ። ለምን ለሁሉም እንደሚጮህ ልንገርዎ። ቁራሌው እየጮኸ ይመጣል፣ ውሻው ይጮኻል፣ ቁራሌው ያልፋል። ሰውየው የሚያልፈው መንገዱ ስለሆነ ነው፣ ውሻው ግን ያባረረው ራሱ ይመስለዋል። በየቀኑ ያሸንፋል። ከዚያ ወዲህ ከአጥሩ ውጭ ያለ ድምፅ ሁሉ የሚባረር ነገር ይሆናል። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ታስሮ የሚውል ከሆነ ደግሞ ይብሳል፣ የሚሠራው ሌላ ነገር የለውማ።

የሚሠራው እንዲህ ነው። ሲጮህ ከቤቱ ሰው አንዱ ይውጣ፣ አይቶ "በቃ" ይበለው፣ ወደ ቦታው ይጥራው፣ ዝም ሲል ቁራሽ ይስጠው። እርስዎ አይጩሁበት፣ እርስዎ ሲጮሁ አብረውት የሚጮሁ ይመስለዋል። አንዴ ሁለቴ መጮሁ ሥራው ነው፣ አይከልክሉት። ሰው ወጥቶ ካየ በኋላ ግን የሱ ሥራ ያበቃል። ቀን ላይ ይህንን ደጋግመው ሲያደርጉት ውሻው ነግሮዎት ያርፋል። ሌሊት ከ"በቃ" በኋላም ካላቆመ ያኔ ተነስተው ቢያዩ አይከስሩም።

እንግዳ ሲመጣ ደግሞ በሩ ከመከፈቱ በፊት ውሻው ቦታው ላይ ይሁን። ሁልጊዜ፣ ንስሐ አባትም ይምጡ የልጅዎ ጓደኛም ይምጣ። አንዱን እንግዳ ሮጦ ተቀብሎ ሌላውን ታስሮ ከጠበቀ የትኛው እንግዳ የትኛው እንደሆነ መለየት አይችልም።

የእንስሳት ሐኪም፦

በዚህ ላይ አንድ ብቻ። ውሻ ጥሩ ጠባቂ እንዲሆን ከሰው ተለይቶ ይደግ የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። ቡችላ ዓለምን የሚለምድበት ዋናው ጊዜ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ ሕፃን፣ ሽማግሌ፣ ጥላ የያዘ ሰው፣ ሞተር ሳይክል፣ ሁሉንም በሰላም ካየ ሲያድግ የተለመደውን ካልተለመደው ይለያል። ምንም ሳያይ ያደገ ውሻ ሁሉንም ይፈራል፣ የሚፈራ ውሻ ደግሞ ጥሩ ጠባቂ አይሆንም፣ የቤቱንም ሰው ይነክሳል።

ጀሞ ሁለት፦

ተመልሼ መጣሁ። የተባለውን አደረግን። እሑድ ቡና አፈላንና ተከራዮቹንም ጠራን። አጥንት የሚያመጣው ሰውዬ እንዳልከው በጣም ደስ አለው፣ አሁን በር ላይ ቆሞ ውሻው እስኪወርድ እየጠበቀ ነው የሚገባው። ሁሉም የሚጠቀምበትን ቃል ወረቀት ላይ ጽፈን ኩሽና በር ላይ ለጠፍነው። ውሻው ገና ይዘላል፣ ግን እየቀነሰ ነው። ምሽት ላይ እህታችን ስትገባ እናስረዋለን።

የቀረን አንድ ነገር ዘበኛው ነው። ከወር በኋላ አገሩ ይገባል፣ በሱ ቦታ ሌላ ሰው ይመጣል። የለመደው ሁሉ እንዳይፈርስ እንዴት እናድርግ?

የቡቺ ወዳጅ፦

ይሄ ጥሩ ዜና ነው ጀሞ ሁለት። ስለ ዘበኛው፣ ከተቻለ አዲሱ ሰው አሮጌው ሳይሄድ ጥቂት ቀን ቀድሞ ይምጣ፣ አብረው ያብሉት፣ አብረው በሩን ይክፈቱ። ካልተቻለ የመጀመሪያውን ሳምንት ምግቡን አዲሱ ሰው ብቻ ይስጠው፣ አንተ አጠገቡ ቁም። ወረቀቱ ላይ ያሉትን ቃላት በደንብ እስኪለምዳቸው ድረስ አብረኸው በል፣ ማንበብ ባይችል እንኳ በአፍ ይያዛቸው። አዲስ ሰው መጀመሪያ ላይ ፈርቶ ዱላ ይዞ ነው የሚቆመው፣ ቀድመህ አናግረው። ውሻው ሰው ሲቀየር የድሮውን ልማድ መልሶ መሞከሩ አይቀርም፣ እንደገና ይዘላል፣ እንደገና በር ላይ ይሮጣል፣ ለጥቂት ቀን። ያኔ ሁላችሁም በተስማማችሁበት ከጸናችሁ ከመጀመሪያው በጣም ባጠረ ጊዜ ይመለሳል። የምግቡንም ሰዓት እንዳትቀይሩ።